በሽታው አለፈ ከተባለ በኋላ በልጆች ላይ ስለሚነሣ ትኩሳት

የወላጆች ትልቁ ደስታ ታሞ የነበረ ልጅ ተሽሎት ከአልጋው ወርዶ ሲጫወት ማየት ነው። ልጁ እህል ቀምሶ፣ ሣቅ ብሎ፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋራ መላፋት የጀመረ እንደ ሆነ እናት ታርፋለች፤ አባትም ልቡ ሳይከፈል ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከራስጌ ይነሣል፤ የሕመሙም ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይረሳል። ይህ የሰው ልማድ ስለ ሆነ ማንንም አያስነቅፍም። ነገር ግን የሕክምና ሊቃውንት በቅርብ ዓመታት እንደ ደረሱበት፣ በልጆች ላይ የሚያደርሰው ብርቱ ጉዳት በታመሙበት ሳምንት ሳይሆን፣ ድነዋል ተብሎ ነገሩ ከተረሳ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ የሚገለጥ አንድ በሽታ አለ። ይኸውም ኮሮና የተባለው በሽታ ነው።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ይህን ነገር ለወላጆች በሚገባ ልንገልጽ አስበናል። የምንጽፈውም አንባቢዎቻችንን ለማስፈራራት አይደለም፤ ሕመሙ ከብዙ ሺሕ ልጆች ጥቂቶቹን ብቻ የሚያገኝ ነውና። ሆኖም ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ የማን ልጅ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ምልክቱን ዐውቆ በጊዜው ወደ ሐኪም ያደረሰ ወላጅ ግን ልጁን ከብርቱ አደጋ ሊያወጣው ይችላል።

ኮሮና ልጆችን አይነካም ስለ መባሉ

ኮሮና በቻይና አገር ዉሃን በምትባለው ከተማ በ2012 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 መጨረሻ) ታየ። በዚያው ዓመት መጋቢት 2 ቀን የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው ዓለምን ያዳረሰ ወረርሽኝ መሆኑን አስታወቀ፤ መጋቢት 4 ቀንም በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ ተገኘ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተደረገ። በዚያ ወራት ሰው ሁሉ በፍርሃት ሳለ ወላጆችን የሚያጽናና አንድ ነገር ነበረ። ይኸውም በሽታው ሽማግሌዎችንና ቀድሞ ሕመም ያለባቸውን ይጥላል እንጂ ልጆችን እምብዛም አይጎዳም መባሉ ነው።

ይህ አነጋገር ሐሰት አልነበረም። ዛሬም ቢሆን ከልጆች የሚበዙት ኮሮና ሲይዛቸው እንደ ጉንፋን ሁለት ሦስት ቀን አስለው፣ አፍንጫቸው ፈስሶ፣ ትንሽ ተኩሰው ይድናሉ። ሌሎቹም መታመማቸው እንኳ ሳይታወቅ ያልፋል። ነገር ግን ይህ እውነት ሙሉ እውነት አለመሆኑ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ተገለጠ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር መጀመሪያ በለንደን ከተማ በ10 ቀን ውስጥ ቀድሞ ደኅና የነበሩ 8 ልጆች በአንድ ዓይነት ሕመም ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም ብርቱ ትኩሳት ነበረባቸው፤ በሰውነታቸው ሽፍታ ወጥቶ፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ ሆዳቸውን አሟቸው ነበር፤ ቀጥሎም የደማቸው ግፊት ወደቀ። ከነርሱም አንዱ፣ የ14 ዓመት ልጅ፣ ሞተ። ሐኪሞቹን ያስደነቃቸው፣ ከአፍንጫና ከሳንባ በተወሰደው ምርመራ በመጀመሪያ ከስምንቱ በአንዱም ላይ የኮሮና ተሐዋሲ አለመገኘቱ ነው። በሽታው አለ እንዳይባል ተሐዋሲው የለም፤ የለም እንዳይባል ደግሞ ልጆቹ በሞት አፋፍ ላይ ናቸው።

በኢጣልያ አገር በሽታው እንደ ቋያ እሳት ባጠቃት በቤርጋሞ ከተማም እንዲሁ ሆነ። ከየካቲት 10 ቀን እስከ ሚያዝያ 12 ቀን ድረስ 10 ልጆች በዚህ ዓይነት ሕመም ወደ አንድ ሆስፒታል ገቡ። በዚያው ሆስፒታል ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ይህን የሚመስል ሕመም የታየባቸው ልጆች ጠቅላላ ቍጥር 19 ብቻ ነበረ። ሐኪሞቹ መዝገባቸውን አስተያይተው ቢቈጥሩት ነገሩ ከቀድሞው 30 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ደማቸውም በተመረመረ ጊዜ ከአሥሩ በስምንቱ ደም ውስጥ ሰውነት ኮሮናን ተዋግቶ ያስቀረው ምልክት ታየ። ልጆቹ አስቀድሞ በኮሮና ታመው ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 26 ቀን የኒው ዮርክ ከተማ የጤና መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉ 15 ልጆች መገኘታቸውን ለሐኪሞች ሁሉ አስታወቀ። ግንቦት 7 ቀን ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ሕመሙ በምን በምን ምልክት እንደሚታወቅ ጽፎ ላገሮች ሁሉ አሰራጨ። በአፍሪካም በደቡብ አፍሪካ አገር በኬፕ ታውን ከተማ ከግንቦት 27 ቀን እስከ ሐምሌ 17 ቀን ባለው ጊዜ በዚሁ ሕመም የታከሙ 23 ልጆች ተመዘገቡ። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ነው ተብሎ ሊተው አይገባውም። በአሜሪካ ይህ ሕመም ካገኛቸው ልጆች ከእኩሌታ የሚበልጡት ከጥቁርና ከስፓንኛ ተናጋሪ ወገኖች የተወለዱ ሆነው ስለ ተገኙ፣ በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም ነገሩን በርትተው ሊያውቁት የሚገባ ነው።

ሕመሙ ስለሚመስለው ስለ ካዋሳኪ በሽታ

ሐኪሞች ይህን አዲስ ነገር ባዩ ጊዜ መጀመሪያ ያሰቡት በጃፓን አገር የታወቀውን የካዋሳኪን በሽታ ነው። ቶሚሳኩ ካዋሳኪ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በ1953 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ አንድ የ4 ዓመት ልጅ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ፣ ዓይኑና ከንፈሩ ቀልቶ፣ ምላሱ እንደ እንጆሪ ሆኖ ወደ ሆስፒታል ሲመጣ አዩ። ከመጽሐፍ ቢፈልጉት ስሙን አጡት። ብዙ ባልንጀሮቻቸው አዲስ በሽታ ነው ማለታቸውን አልተቀበሏቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ሳይታክቱ የያንዳንዱን ሕፃን ምልክት እየመዘገቡ ቆይተው፣ በ1959 ዓ.ም. የ50 ልጆችን ታሪክ ጽፈው አወጡ። በኋላም ይህ በሽታ ለልብ ደም የሚያደርሱትን ሥሮች እያሳበጠ የሚጎዳ መሆኑ ተገለጠ።

እኒህ ሐኪም በ95 ዓመታቸው ያረፉት ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የዓለም የሕፃናት ሐኪሞች ሁሉ ስማቸውን ደጋግመው በሚያነሡበት ወራት ነበረ። የርሳቸው ትጋት ባይኖር ኖሮ የለንደንና የቤርጋሞ ሐኪሞች ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ ብዙ ጊዜ በፈጀባቸው ነበር፤ ምክንያቱም ለካዋሳኪ በሽታ ይሰጥ የነበረው መድኃኒት ለዚህም ለአዲሱ ረዳ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። የካዋሳኪ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሲሆን፣ ከኮሮና በኋላ የሚመጣው ሕመም ይልቁንም የ8 እና የ9 ዓመት ልጆችን ያገኛል፤ ከነርሱ የሚያንሱትንና የሚበልጡትንም አይተውም። ሆድንና ልብንም ከካዋሳኪ በሽታ ይልቅ አጥብቆ ይጎዳል።

ነገሩ ከየት እንደሚመጣ

የሰው ሰውነት እንደ ትልቅ ቤት የራሱ ዘበኞች አሉት። የበሽታ ተሐዋሲ ሲገባ እነዚህ ዘበኞች ተነሥተው ይዋጉታል፤ ባሸነፉትም ጊዜ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ያርፋሉ። በአንዳንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ ግን ሌባው ከሄደ ከሳምንታት በኋላ ዘበኞቹ ሌላ ድምፅ የሰሙ ይመስል እንደ ገና ይነሡና በጨለማ ውስጥ ተኩሰው የገዛ ጌታቸውን ቤት ያቆስላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ግን ውሻው መጮኽ ብቻ ሳይሆን የቤቱን ሰው ይነክሳል። ስለዚህ ልብ፣ የደም ሥር፣ ሆድ፣ ኵላሊት፣ ቆዳና ዓይን ባንድነት ይቈጣሉ፤ ያብጣሉ፤ ይግላሉ። ሕመሙም ብዙ የሰውነት ክፍሎችን ባንድ ጊዜ የሚያስቈጣ ስለ ሆነ በዚሁ ስም ተጠራ።

በለንደን ከልጆቹ አፍንጫ ተሐዋሲው የታጣው በዚህ ምክንያት ነው። ተሐዋሲው ሄዷል፤ የቀረው የሰውነት ቍጣ ነው። በአሜሪካ ወረርሽኙ በጀመረባቸው ወራት በተደረገው ምርመራ፣ ከ21 ዓመት በታች ሆነው ኮሮና ከያዛቸው 3 ሺሕ ያህል ሰዎች አንዱ በዚህ ሕመም እንደ ተገኘ ተገምቷል። በዚያው አገር የተመዘገቡት ልጆች በጠቅላላው ከ9 ሺሕ ይበልጣሉ፤ የሞቱትም ከመቶው አንድ ያህል ናቸው። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ግን ሕመሙ በብዙ አገር እጅግ ቀንሷል። ሆኖም ኮሮና ከዓለም አልጠፋምና ሕመሙም ጨርሶ አልጠፋም።

አንድ ቤት በሐሳባችን እንመልከት

ነገሩ እንዲገባን አንድ ቤት በሐሳባችን እንመልከት። ይህ ቤት የማንም ቤት አይደለም፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን እንደ ገዛ ቤታችን የምናውቀው ነው። የቤቱ ጌታ በመሥሪያ ቤት ኀላፊ ናቸው። ባለቤታቸው፣ አማቲቱና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አብረው ይኖራሉ። በጥቅምት ወር ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳለ፤ ጉንፋን ነው ተብሎ ዝንጅብል ተፈልቶ ተጠጣ። ልጁም ሁለት ቀን አፍንጫው ፈስሶ ዳነ። ነገሩ ተረሳ።

ከአንድ ወር በኋላ ሰኞ ማታ ልጁ ተኮሰ። አያቱ ግንባሩን ዳብሰው፣ “ምች መትቶት ነው፤ ዳማ ከሴ ጨምቃችሁ በቡና ስጡት” አሉ። ማክሰኞ ሆዱን ያዘውና አስመለሰው። አባቱ፣ “እሑድ በግብዣው ቤት የበላው ነው የጎዳው” ብለው ከመድኃኒት ቤት የሆድ መድኃኒት አስገዝተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። ረቡዕ ጧት ግን እናቲቱ ልጇን ስታለብስ የሁለቱም ዓይኖቹ ነጭ እንደ በርበሬ ቀልቶ አየች፤ ዓይነ ምድር ግን የለበትም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በሆዱና በጀርባው ላይ ቀይ ሽፍታ ወጥቷል፤ እጁም አበጥ ብሏል።

“እማማ፣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ትኩሳቱ አለቀቀውም፤ እኔ ከዚህ በላይ አልታገሥም” አለቻቸው። ወደ ባሏም ስልክ ብትደውል፣ “ስብሰባ ላይ ነኝ፤ እስከ ማታ ጠብቂኝ” አሏት። እርሷ ግን ማታን አልጠበቀችም። ልጇን አቅፋ ወደ ሆስፒታል ሄደች።

ሐኪሙ ልጁን ከመረመረ በኋላ፣ “ከአንድ ወር ገደማ በፊት በቤታችሁ የታመመ ሰው ነበረን?” ብሎ ጠየቃት። እርሷም ጥቂት አሰበችና፣ “ጉንፋን ነበረ፤ ሁላችንንም ይዞን ነበር፤ እርሱም ሁለት ቀን ታሞ ድኗል” አለች። ይህች አንዲት ቃል መንገድ ከፈተች። ሐኪሙ የልጁን ደም አስመረመረ፤ ልቡንም የውስጡን አመታት በሚያሳየው መሣሪያ አየው፤ የልቡ ኃይል መድከም መጀመሩንም ዐውቆ በዚያው ሰዓት አስተኝቶ ማከም ጀመረ።

እናቲቱ እስከ ማታ ጠብቃ ኖሮ፣ ማታም ሲደርስ ነገ ይነጋል ተብሎ ኖሮስ? ሐሙስ ዕለት የልጁ እጅና እግር ይቀዘቅዝ ነበር፤ ትኩሳቱ የበረደለት መስሎም ቤቱ ይጽናና ነበር። ይህ ግን ልብ ደም መግፋት ተስኗት የሚመጣ ቅዝቃዜ እንጂ መሻል አይደለም። በዚህ ሕመም ሰዓት የሚባለው ነገር ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታወቃል።

ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች

ዋናው ምልክት ሦስት ቀንና ከዚያም በላይ የቈየ ትኩሳት ነው። ከዚህም ጋራ ብርቱ የሆድ ቍርጠት፣ ማስመለስ ወይም ተቅማጥ፤ የቆዳ ሽፍታ፤ ፈሳሽ የሌለው የዓይን መቅላት፤ የከንፈር መድረቅና መሰንጠቅ፤ የምላስ መቅላት፤ የእጅና የእግር ማበጥ፤ የአንገት ንፍፊት ሊታይ ይችላል። ሁሉም ባንድ ልጅ ላይ ላይገኙ ይችላሉ። ትኩሳቱ ካልበረደ፣ ከነዚህም ሁለቱ እንኳ ከታዩ፣ ሐኪም ማየት አለበት።

ሳይዘገይ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የሚያስኬዱ ምልክቶች ደግሞ አሉ። ልጁ ሲጠሩት በደንብ የማይነቃ ወይም የሚቀባጥር የሆነ እንደ ሆነ፤ መተንፈስ ያስቸገረው እንደ ሆነ፤ ደረቱን ያመመው እንደ ሆነ፤ ከንፈሩ የጠቈረ ወይም የገረጣ እንደ ሆነ፤ እጁና እግሩ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ፤ ሽንት መሽናት ያቆመ እንደ ሆነ፤ ሰውነቱም የተንቀጠቀጠ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ምክር መጠየቅ ሳይሆን መነሣት ነው።

በአገራችን ትኩሳትና ሽፍታ ከኩፍኝ፣ ትኩሳትና የሆድ ሕመም ከተስቦ፣ ትኩሳት ብቻውን ከወባ ሊመጣ እንደሚችል አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ምልክታቸው ስለሚመሳሰል ልዩነቱን ለማወቅ የሚችለው ሐኪም ነው። ከወላጅ የሚጠበቀው የበሽታውን ስም ማወቅ ሳይሆን፣ ትኩሳቱ ከስንት ቀን እንደ ጀመረና ካለፈው ወር ወዲህ በቤት ውስጥ ምን እንደ ነበረ ለሐኪሙ በትክክል መንገር ነው።

ስለ ታናናሾቹ ሕፃናት

ከዚህ በላይ የገለጽነው ሕመም ይልቁንም ከፍ ያሉትን ልጆች የሚያገኝ ሲሆን፣ ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ግን ተሐዋሲው በሰውነታቸው ባለበት ጊዜ ሳንባቸው ሊጎዳ ይችላል፤ የትንፋሻቸው መንገድ ጠባብ ነውና። እናት ልታውቅ የምትችልበት መንገድ ቀላል ነው። ሕፃኑ ጸጥ ብሎ ሳለ ልብሱን ገልጦ ሙሉ አንድ ደቂቃ ትንፋሹን መቍጠር ነው። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ጊዜና ከዚያ በላይ የተነፈሰ እንደ ሆነ ትንፋሹ ፈጥኗል ይባላል። ሲተነፍስ ከጐድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ፣ ጡት መጥባት የተወ፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሙቀቱ 38 ዲግሪ የደረሰ እንደ ሆነ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም።

አንዳንድ ሕፃን ደግሞ ጕሮሮው አብጦ እንደ ውሻ ጩኸት ያለ ሳል ያስለዋል፤ አየር ሲስብም ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ሕፃኑን አለማስለቀስና በጭን ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። እንጥል አስቈራጭ ዘንድ መውሰድ ግን ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቍስል መስጠት ነው።

ስለ ሕክምናው

ሕክምናው ሦስት ነገር አለው። አንደኛው ከብዙ ሰዎች ከተለገሰ ደም ተጣርቶ የሚወጣውን የሰውነት መከላከያ በደም ሥር መስጠት ነው፤ ይህ መድኃኒት ዋጋው ውድ ነው። ሁለተኛው ስቴሮይድ የሚባለው የሰውነትን ቍጣ የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ ይህ ዋጋው የማይከብድ ሲሆን፣ የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. በዚህ ሕመም ሆስፒታል ለተኙ ልጆች እንዲሰጥ መክሯል። ሦስተኛው ልብን፣ ትንፋሽንና የደምን ግፊት መደገፍ ነው። በጊዜው የታከሙት አብዛኞቹ ልጆች በጥቂት ቀን ይሻላቸዋል፤ የልባቸውም ኃይል በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል።

ነገር ግን እዚህም ላይ ቀድሞ የተናገርነው የመርሳት ነገር እንደ ገና ይመጣል። ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ መሮጥ ሲጀምር ወላጆች ሐኪሙ የቀጠረውን ቀን ይተዉታል። ይህ አይገባም። ለልብ ደም የሚያደርሱት ሥሮች አብጠው እንደ ሆነ የሚታወቀው በተከታታይ በሚደረግ ምርመራ ነው። ልቡ የተነካ ልጅ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ ለጥቂት ወራት ከብርቱ ሩጫና ከኳስ ጨዋታ መከልከል አለበት፤ ይህንንም ለመምህሩ ማስታወቅ የወላጅ ፋንታ ነው።

በቤት ስለሚደረግ ጥንቃቄ

ትኩሳት ለያዘው ልጅ ፓራሲታሞል በክብደቱ መጠን መስጠት ይቻላል። አስፕሪን ግን ሐኪም ሳያዝ ለልጅ አይሰጥም፤ በተሐዋሲ በታመመ ልጅ ላይ ጉበትንና አንጐልን የሚጎዳ ሌላ አደጋ ሊያመጣ ይችላልና። ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ መርፌና ክኒንም ሕመሙን ሸፍኖ ቀን ያስፈጃል እንጂ ይህን ሕመም አያድንም። የሚያጠቡ እናቶች ኮሮና ቢይዛቸውም እጃቸውን እየታጠቡ፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ማጥባታቸውን እንዲቀጥሉ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን አፍና አፍንጫውን መሸፈን አይገባም፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምሳሌ እዚህ ላይ ይሠራል። በአሜሪካ በ2014 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባሉት ላይ ሁለት ጊዜ የተሰጠው የኮሮና ክትባት ይህን ሕመም ከመቶ 91 ያህል ተከላክሏል። እርጉዝ ሳለች የተከተበች እናትም ለልጇ የመጀመሪያዎቹን ወራት መከላከያ ታወርሰዋለች። ስለዚህ ለልጁ ዕድሜ የሚሆን ክትባት መኖሩን ሐኪምን መጠየቅ መልካም ነው።

አንድ ተጨማሪ ምክር አለን። በየቤቱ አንድ ትንሽ መዝገብ ይዘጋጅ። ልጁ የታመመበት ቀን፣ የትኩሳቱ መጠን፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ በቤት ውስጥ አብሮት የታመመ ሰው ይጻፍበት። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሥራ ቦታቸው ያላንዳች ቀንና ቍጥር አንዲት ደብዳቤ የማያሳልፉ ሰዎች ናቸው። ለወረቀት ቀን የሚሰጥ እጅ ለገዛ ልጁ ትኩሳት ቀን መንፈጉ ምን ይባላል? ይህ መዝገብ ከአንድ ወር በኋላ ሐኪሙ፣ “የታመመ ሰው ነበረን?” ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስ ምስክር ነው።

በሹመትና በኀላፊነት ላይ ያሉ አባቶች ደግሞ ሁለት ዕዳ አለባቸው። አንደኛው በቤታቸው ነው፤ የልጅን ሕመም ለእናትና ለሞግዚት ብቻ ትተው፣ “እስከ ማታ ጠብቂኝ” አለማለት ነው። ሁለተኛው በወንበራቸው ነው። ያች እናት ልጇን አቅፋ ስትደርስ፣ በሆስፒታሉ ምልክቱን የሚያውቅ ሐኪም፣ ልብን የሚያሳይ መሣሪያና ያ ዋጋው የማይከብደው መድኃኒት መኖራቸው ከርሳቸው ትእዛዝና በጀት የሚመጣ ነው። መኪናና ስልክ የሌላት የገጠር እናትም ሦስተኛውን ቀን እንደ ከተማይቱ እናት ታያለች፤ ትኩሳቱም ለርሷ ልጅ አይራራም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚያስቀምጥ ወላጅ ሌላው ሁሉ ቢረሳው ይህን አንድ ነገር ያስብ። ልጅ ከጉንፋንም ሆነ ከኮሮና በዳነ ጊዜ ደስ ይበለን፤ ነገር ግን ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ተመልሶ ቢመጣና ሦስት ቀን ቢያድር፣ ያለፈውን ሕመም አስታውሰን ልጁን ወደ ሐኪም እናድርሰው።